መረጃ ማስረጃ የሚሆነው መቼ ነው? የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍትና የጥራት ዕውቅና



ከደባርቅ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ዳባት፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የነዋሪዎችን ልደት፣ ሞትና ፍልሰት ሲመዘግብ ቆይቷል። የምዝገባው ዋጋ አንድን ማኅበረሰብ ዓመት በዓመት በመከታተሉ ላይ ነው። ቤተ መጻሕፍትም ለዕውቅና የሚበጅ ማስረጃ የሚኖረው እንዲሁ ሳያቋርጥ ሲመዘግብ ነው እላለሁ።

በአገራችን የከፍተኛ ትምህርትን አግባብነትና ጥራት የሚከታተለው ኤጀንሲ የተቋቋመው በአዋጅ ቁጥር 351/1995 ነበር፤ ዛሬ ኃላፊነቱ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ኤጀንሲው ለተቋማዊ ኦዲት ካወጣቸው 10 የትኩረት መስኮች አንዱ መሠረተ ልማትና የመማሪያ ግብዓት ነው። ቤተ መጻሕፍት በግብዓትነት ስለሚታይ፣ ብዙዎቻችን መጽሐፍና ወንበር ቆጥረን እናበቃለን። ገምጋሚዎች በሚመጡበት ሰሞን መደርደሪያ በተውሶ መጻሕፍት ሲሞላ በአንድ ተቋም አይቻለሁ። የዕለቱ ቆጠራ ትክክል ነበር፤ በሳምንቱ ግን ተማሪው መጽሐፉን ፈልጎ አላገኘውም።

በምሳሌ ላስረዳ። ለአንድ ኮርስ 60 ተማሪዎችና 5 ቅጂ መጽሐፍ አሉ እንበል። ለ12 ተማሪ አንድ ቅጂ መድረሱ መረጃ ነው። የውሰት መዝገቡ ደግሞ ቅጂዎቹ በፈተና ሰሞን መደርደሪያ ላይ እንደማይገኙ ያሳያል። ጠይቀው ያጡትንም ብንመዘግብ የችግሩን ስፋት እናውቃለን። በዚህ ተነሥተን የውሰት ጊዜውን ብናሳጥር ወይም ቅጂ ብንጨምር፣ በቀጣዩ ሴሚስተር ደግሞ ጠይቀው ያጡት መቀነሳቸውን መልሰን ብንለካ፣ ያን ጊዜ መረጃው ማስረጃ ይሆናል። የቤተ መጻሕፍት አፈጻጸም አመላካቾችን የያዘው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ አይ.ኤስ.ኦ. 11620፣ የሚፈለግ መጽሐፍ መገኘቱን ከመለኪያዎቹ አንዱ አድርጎታል። ይህን ለመመዝገብ ሶፍትዌር ባይኖር ደብተር ይበቃል።

ሁለት ነገሮች ጥንቃቄ ይሻሉ። የመውጫ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ስለሚሰጥ፣ የውሰትን ቁጥር ከውጤት ጋር ማነጻጸር ያጓጓል። ሆኖም ብዙ የሚዋስ ተማሪ ቀድሞውንም ትጉህ ሊሆን ስለሚችል፣ የሁለቱን አብሮ መታየት እንደ ምክንያትና ውጤት አንውሰደው። ሁለተኛው፣ ማን ምን እንዳነበበ የሚያሳይ ስም በሪፖርት ውስጥ መግባት የለበትም።

ስለዚህ የማቀርበው ጥያቄ ቀላል ነው፦ እያንዳንዱ ትምህርት ክፍል አንድ ኮርስ ይምረጥ፤ ከመጪው ሴሚስተር ጀምሮም አብረን እንመዝግብ። ገምጋሚዎች ሲመጡ የምናሳየው መዝገብ፣ ከዚያ በፊት ለተማሪዎቻችን የሠራንበት ይሁን።