የጃንጥራሩ አምባና የክልሉ ወሰን

አውራጃዎች ራሳቸውን በራሳቸው ለማስተዳደር ያላቸው ፍላጎትና የአገር አንድነት በምን ዓይነት ውል ይታረቃሉ የሚለው ጥያቄ፣ የዛሬ ፖለቲከኞች ሲከራከሩበት ስንሰማው፣ በ1960ዎቹ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ተወልዶ በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ክርስትና የተነሣ የትናንት ልጅ ይመስለናል፤ ነገር ግን ከደሴ በስተ ሰሜን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በሐይቅ ዳርቻ ቆሞ፣ የአምባሰልንም ገደላገደል እየተመለከተ ነገሩን የሚመረምር ሰው፣ ጥያቄው ቢያንስ ሰባት መቶ ዓመት እንደ ኖረና በየዘመኑ የተለዋወጠው የመብቱ ባለቤት ማን ነው የሚለው መልስ ብቻ እንደ ሆነ ይገነዘባል።

በ13ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ፣ በደብረ ዳሞ ሥርዓተ ምንኩስናን የተማሩት አባ ኢየሱስ ሞዐ፣ ያን ጊዜ ደሴት በነበረችውና ዛሬ ከየብስ ጋር በተያያዘችው ምድር ላይ የሐይቅ እስጢፋኖስን ማኅበረ መነኮሳት አጽንተው፣ መጻሕፍትን ሲያሰባስቡና ደቀ መዛሙርትን ሲያስተምሩ ሳለ (ከደቀ መዛሙርቱም አንዱ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ)፣ ይኵኖ አምላክ ሥልጣኑን ከዛጔ ነገሥታት ወስዶ በ1262 ዓ.ም. ነገሠ። የገዳሙ ትውፊት አባ ኢየሱስ ሞዐ ለአዲሱ ንጉሥ በጸሎትና በምክር እንደ ረዱት፣ ንጉሡም በምላሹ ለገዳሙ ርስትና ክብር እንደ ሰጠ ይናገራል። የሐይቁ አበምኔት የያዘው የዐቃቤ ሰዓትነት ማዕርግ በኋላ በ14ኛውና በ15ኛው መቶ ዓመት በቤተ መንግሥቱ ከታላላቆቹ ሹመቶች አንዱ ሆኖ መገኘቱ እርግጥ ነው። እንግዲህ ቋሚ መናገሻ ያልነበረው፣ ከሠፈር ወደ ሠፈር የሚዘዋወር መንግሥት፣ በአንድ አውራጃ ካለ ገዳም ቡራኬና የተማረ ሰው ይፈልግ ነበር፤ ገዳሙም ከመንግሥቱ ጥበቃና ጉልት ይፈልግ ነበር። በወረቀት ያልሠፈረ ቢሆንም ሁለቱም ወገን የሚያውቀው ስምምነት ነበረ።

ከሐይቅ ሰሜን ምዕራብ ያለው አምባሰል ደግሞ ሌላ ዓይነት ስምምነት አሳይቶናል። ዛሬ መስከረም 21 ቀን ስለ ግማደ መስቀሉ በዓል ምእመናን የሚወጡበት የግሸን አምባ፣ በ16ኛው መቶ ዓመት በኢማም አሕመድ ሠራዊት እስከ ተያዘ ድረስ፣ ለዙፋን የሚመኙ የነገሥታት ልጆች ተጠብቀው የሚኖሩበት ቦታ ነበር፤ የአምባሰል አገር ገዥነትም ጃንጥራር በሚባል ማዕርግ በአንድ ቤት ውስጥ ሲወራረስ ኖረ። ጃንጥራር የሚሆነውን ሰው ንጉሡ ያጸድቃል እንጂ ከሌላ አገር አምጥቶ አይሾምም ነበር፤ ይህም ማለት አምባሰል ከመንግሥቱ ሳትወጣ የራሷን ገዥ ለራሷ አቆይታለች ማለት ነው። ልብ ሊባል የሚገባው፣ የገዥው ቤት የዘር ሐረጉን በጥንቃቄ ቢቆጥርም፣ የሚገዛው ሕዝብ ግን የአንድ ዘር ወይም የአንድ ቋንቋ ተወላጅ እንዲሆን ማንም እንዳልጠየቀ ነው፤ መብቱ የተያያዘው ከአምባውና ከምድሩ ጋር ነበር። ይህን ስል ግን የቀድሞውን ሥርዓት ማወደሴ አይደለም፤ ያ ነጻነት የጃንጥራሩ እንጂ የገበሬው አልነበረም፤ ገባሩ እህሉን ለቅርብ ጌታ ሰፈረ ለሩቅ ጌታ ሰፈረ ጎተራው የሚጎድለው እኩል ነውና።

አንድነት በስምምነት መሆኑ ቀርቶ በመመሳሰል ይሁን የተባለበትም ጊዜ አለ፤ ይኸውም ከሐይቅ ብዙ በማይርቀው በቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. የተደረገው ጉባኤ ነው። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ንጉሥ ምኒልክ ባለበት፣ የቤተ ክርስቲያንን የሃይማኖት ክርክር በተዋሕዶ ወገን አሸናፊነት ከዘጉ በኋላ፣ የወሎ ሙስሊሞች መኳንንት ክርስትናን እንዲቀበሉ አዘዙ፤ ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቆ ሚካኤል ተባለ፣ አመዴ ሊበንም ኃይለ ማርያም ተባለ። ሹመትና ርስት ያለው ሰው ስሙን ለውጦ ማዕርጉን ጠበቀ፤ ይህን እንቢ ያለው ሕዝብ ግን እንደ ሼኽ ጦልሐ ባሉ መሪዎች ሥር ሸፈተ፣ ተሰደደ፣ ብዙ ደምም ፈሰሰ። ዛሬ በደቡብ ወሎ ከመቶው ሰባ ያህሉ ሙስሊም መሆኑን በ1999 ዓ.ም. የተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ሲያሳየን፣ በዐዋጅ የሚገኝ ተመሳሳይነት ምን ያህል ዕድሜ እንዳለው ሌላ ምስክር መጥራት አያሻንም።

ከቦሩ ሜዳው ጉባኤ ከዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም.፣ በዚያው በአምባሰል ምድር በውጫሌ፣ ዐፄ ምኒልክ ከኢጣልያ ጋር ውል ተዋዋሉ፤ የዐሥራ ሰባተኛው አንቀጽ የአማርኛና የኢጣልያንኛ ቃል መለያየት እስከ ዐድዋ ያደረሰውን ጠብ መንገር ለአንባቢ ድካም ነው። ለጉዳያችን የሚረባው፣ በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ ከዘመቱት መኳንንት መካከል በቦሩ ሜዳ የተጠመቁት ራስ ሚካኤል ከወሎ ፈረሰኞቻቸው ጋር መገኘታቸው ነው። ራስ ሚካኤል በኋላ በ1906 ዓ.ም. በልጃቸው በልጅ ኢያሱ ዘመን ንጉሥ ተብለው ዘውድ ጫኑ፤ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ ሜዳ በሸዋ ጦር ድል ሲሆኑ ግን የወሎም ንጉሥነት አብሮ አከተመ፣ ወሎም በኋላ የአልጋ ወራሹ የአስፋ ወሰን ግዛት ሆነ። የአምባሰሉ ጃንጥራር አስፋው ከንጉሥ ሚካኤል ልጅ ከወይዘሮ ስኂን የወለዷት እቴጌ መነን ግን፣ አያታቸው በተሸነፉበት ወገን ቤት የንጉሠ ነገሥቱ ሚስት ሆነው ኖሩ፤ የኢትዮጵያ ፖለቲካ በጋብቻ የጠገነውን ያህል በሕግ ቢጠግን ኖሮ ብዬ አንዳንድ ጊዜ አስባለሁ።

ከጠላት ወረራ በኋላ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. የወጣው የአገር ግዛት አስተዳደር ድንጋጌ፣ አገሪቱን በጠቅላይ ግዛት፣ በአውራጃና በወረዳ ከፍሎ፣ ገዥዎች ሁሉ ከማዕከሉ የሚሾሙና ደመወዝተኞች እንዲሆኑ፣ ግብሩም በቀጥታ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት እንዲገባ አደረገ። መኳንንቱ በየግዛታቸው የግል ጦር ያቆሙበትን ዘመን ለሚያስታውስ ሰው ይህ ትልቅ መሻሻል ነበረ፤ ጉድለቱ፣ ከባላባቱ የተወሰደው ሥልጣን ወደ ሕዝቡ ሳይደርስ በቀጥታ ወደ አዲስ አበባ መውጣቱ ነው። በ1945 ዓ.ም. በፌዴሬሽን የተቀላቀለችው ኤርትራ የራሷን ምክር ቤትና ባንዲራ ይዛ በዐሥር ዓመት ውስጥ ማጣቷ፣ በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬዎች በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ማመፃቸው፣ የባሌም የዓመታት ሽፍትነት፣ ሁሉም በየምክንያቱ ከዚህ ጉድለት ጋር ይነካካል። መንግሥቱ ራሱ ጉድለቱን ሳያውቅ አልቀረም፤ በ1958 ዓ.ም. ለተመረጡ አውራጃዎች የራስ አስተዳደር የሚሰጥ ትእዛዝ ቁጥር 43 ወጥቶ ነበርና፤ ፓርላማው ስላልተቀበለው ግን ወረቀት ላይ ቀረ።

ይህ ትእዛዝ በሥራ ቢውል ኖሮ በ1965 ዓ.ም. በወሎ የሆነው ነገር በዚያ መልክ ይሆን ነበርን? ዝናብ የጠፋው በሰው ፈቃድ አይደለም፤ ነገር ግን የአምባሰል፣ የራያና የየጁ ገበሬ በመኪና መንገድ ዳር ተሰልፎ ሲወድቅ፣ ሹሙ የሚጠየቀው ለሾመው የበላይ እንጂ ለተራበው ስላልነበረ፣ ወሬው ተሸፋፍኖ ቆየ፤ ዓለም ነገሩን በሰፊው ያወቀው እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናተን ዲምብልቢ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ባሳየው ፊልም ነው። በእኔ አስተያየት ለአውራጃ ራስ አስተዳደር ከሚቀርቡት ማስረጃዎች ሁሉ ይህን የሚያህል የለም። ስለ ቋንቋና ስለ ባንዲራ የሚደረገው ክርክር የራሱ ክብደት ቢኖረውም፣ የወሎ ገበሬ የአካባቢውን ሹም አንሥቶ ሌላ የሚተካበት ምክር ቤት ያስፈለገው ከሁሉ በፊት ስለ ጎተራው ነበር።

ክርክሩ ግን በዚህ መንገድ አልሄደም። በእቴጌ መነን እናት ስም በተሰየመው በደሴው በወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት የተማረው ዋለልኝ መኮንን፣ በኅዳር 1962 ዓ.ም. በተማሪዎች መጽሔት ባወጣው ጽሑፍ፣ ኢትዮጵያ ገና አንድ ብሔር እንዳልሆነች፣ ብዙ ብሔሮችም እኩልነት አጥተው የሚኖሩባት አገር እንደሆነች ተከራከረ። በጃንጥራሩ ሚስት ስም ከሚጠራ ቤት የወጣ ተማሪ፣ የመብቱን ባለቤት ከምድሩ ነቅሎ በብሔሩ ላይ ተከለው። ዋለልኝ ኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም. አውሮፕላን ለመጥለፍ ሲሞክር ተገደለ፤ ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ በዚያው ዕለት፣ ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም.፣ የዛሬው ሕገ መንግሥት ጸደቀ።

በመካከሉ ደርግ በሚያዝያ 1968 ዓ.ም. ፕሮግራሙ ለብሔረሰቦች የራስ አስተዳደርን ተስፋ ሰጥቶ፣ በ1980 ዓ.ም. አምስት ራስ ገዝና ሃያ አራት የአስተዳደር አካባቢዎችን ሲያውጅ ወሎን ሰሜንና ደቡብ ብሎ ከፈለ፤ ሥልጣኑ ከፓርቲው እጅ ስላልወጣ ከካርታው በቀር ብዙ አልተለወጠም። በ1984 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 7 ደግሞ አገሪቱን በዐሥራ አራት ክልሎች ሲያዋቅር፣ በሕገ መንግሥቱም ዘጠኝ ሲሆኑ፣ የቀድሞዋ ወሎ በሦስት ተከፈለች፦ የምሥራቁ ቆላ ወደ አፋር፣ አላማጣና ኮረም ወደ ትግራይ፣ የቀረው ወደ አማራ ክልል ሄደ። አንቀጽ 46 ክልሎች የሚዋቀሩት በሕዝቡ አሠፋፈር፣ በቋንቋ፣ በማንነትና በፈቃድ ነው ይላል፤ አንቀጽ 39ም የራስን ዕድል በራስ የመወሰንን መብት እስከ መገንጠል ድረስ ለብሔሮች፣ ለብሔረሰቦችና ለሕዝቦች ይሰጣል።

ይህ ሥርዓት ያስገኘውን መካድ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ከደሴ ወደ ደቡብ የወረደ ሰው በከሚሴ፣ በአማራ ክልል ውስጥ በተቋቋመው በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን፣ ሕፃናት በአፋን ኦሮሞ ሲማሩና ባላጋራዎች በዚያው ቋንቋ ሲሟገቱ ያገኛል፤ በሰቆጣም ለኽምራ፣ በእንጅባራም ለአዊ እንዲሁ ተደርጓል። ጃንጥራሮቹም ሆኑ የጠቅላይ ግዛቱ እንደራሴዎች ይህን አልሰጡም። ችግሩ የሚመጣው የአንድ ሰው መብት በአንድ ብሔር ስም ብቻ ሲመዘገብ ነው። የ1999ኙ ቆጠራ በደቡብ ወሎ ከሁለት ሚሊዮን ተኩል ከሚበልጠው ሕዝብ ዘጠና ዘጠኝ ከመቶው አማራ እንደሆነ መዝግቧል፤ የወሎን ታሪክ የሚያውቅ ግን የኦሮሞ፣ የአርጎባ፣ የአፋርና የአማራ ደም በየቤቱ እንደ ተዋሐደ፣ ወረሂመኖን የመሰለ የኦሮሞ ስም ያለው አገር ዛሬ አማርኛ እንደሚናገር ይረዳል። ቆጠራው አልዋሸም፤ ሰዉ የተጠየቀውን መለሰ፤ ሆኖም ሁለትና ሦስት ሐረግ ላለው ሰው የቀረበለት አንድ ሣጥን ነበር።

ሌሎች አገሮች በዚህ ላይ የተለያየ መንገድ ይዘዋል። ህንድ በፈረንጆች 1956 ክፍላተ አገሯን በቋንቋ ስታዋቅር፣ ወሰን የመለወጡን ሥልጣን ለማዕከሉ ፓርላማ ትታ፣ መገንጠልን ፈጽማ አልፈቀደችም። ስዊዘርላንድ ደግሞ መብቱን ለካንቶን፣ ማለትም ለምድሩ ሰጥታ፣ ፍሪቡርግና ቫሌ ሁለት ሁለት፣ ግራውቡንደንም ሦስት ቋንቋ ይዘው እንዲኖሩ አደረገች፤ ፈረንሳይኛ ተናጋሪው ዩራ ከበርን ተለይቶ በፈረንጆች 1979 ካንቶን ሲሆን እንኳ ነገሩ ያለቀው በየቀበሌው በተሰጠ ድምፅ ነው። የወሎን አሠፋፈር ሳስብ ከህንድ ይልቅ ወደ ስዊዘርላንዱ ሐሳብ አዘነብላለሁ፤ ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ባደረገው ሕዝበ ውሳኔ ክልል የሆነበትን መንገድ ግን ወሎ ልትከተል ብትሻ፣ ሕገ መንግሥቱ ወሎ የሚባል ብሔር ስለማያውቅ፣ ጥያቄውን በማን ስም እንደምታቀርብ አይታየኝም።

ጉዳዩ የመጻሕፍት ክርክር ብቻ አለመሆኑን ሐይቅ ራሷ በ2014 ዓ.ም. አየችው። የሰሜኑ ጦርነት በጥቅምት ወር ወደ ሐይቅ፣ ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ ወርዶ፣ የትግራይ ኃይሎች እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ ከተሞቹን ይዘው ቆዩ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የተፈረመው ስምምነት የይገባኛል ጥያቄ የሚነሣባቸው ቦታዎች በሕገ መንግሥቱ መሠረት እልባት ያግኙ ሲል፣ ራያን የመሰለውን የቀድሞ የወሎ ምድር ጉዳይ ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት መለሰው። አንቀጽ 48 ክልሎች በወሰን ካልተስማሙ ምክር ቤቱ የሕዝቡን አሠፋፈርና ፍላጎት መርምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ይወስን ይላል፤ ጦርነቱ ያፈናቀለውን ሕዝብ አሠፋፈር በየትኛው ዓመት እንደሚለካ ግን አይናገርም። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. የክልሎች ልዩ ኃይሎች እንዲፈርሱ ከተወሰነ ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት፣ ክልል ምን ያህል መሣሪያ ይያዝ የሚለውን፣ ከሰገሌ ጋር የተቀበረ የመሰለውን ጥያቄ፣ እንደገና አምጥቶታል።

አራተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በ2010 ሊደረግ ታስቦ፣ በ2011 ዓ.ም. እንደገና ለሌላ ጊዜ ተላልፏል። የምክር ቤት መቀመጫም የክልል በጀትም የሚሰላው በቆጠራ ስለሆነ፣ አንድ ቀን ቆጣሪው መዝገቡን ይዞ ወደ አምባሰል ቀበሌዎች መውጣቱ አይቀርም፤ የቅጹን አዘጋጆች ከወዲሁ መጠየቅ የሚገባን፣ በብሔር አምድ ሥር ለአንድ ሰው ከአንድ በላይ ስም መጻፍ ይፈቀድ እንደሆነ ነው።