ኪዊናው ልሳነ ምድር

ኪዊናው ልሳነ ምድር በአሜሪካ ሚሺጋን ክፍላገር ሰሜናዊ ክፍል፣ ወደ ሱፒሪየር ሐይቅ የገባ ረጅምና ጠባብ መሬት ነው። ከ1840ዎቹ ጀምሮ ለብዙ ዓመታት የአሜሪካ ዋነኛ የመዳብ ምንጭ ስለነበረ እስከ ዛሬ «የመዳብ አገር» ይባላል። የማዕድን ሥራው ካበቃ ወዲህ አካባቢው በቱሪዝም ይታወቃል። አርቪ በሚባለው የቤት መኪና ለሚጓዙ ሰዎች በተለይ ይመቻል፤ አሮጌዎቹ የማዕድን ከተሞች በአንድ አውራ ጎዳና ተከታትለው ይገኛሉና። በዚህ መጣጥፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመዳቡ አመጣጥ

የኪዊናው ዓለት ከ1 ቢሊዮን ዓመት በፊት ከምድር ውስጥ በፈሰሰ ቅልጥ አለት የተሠራ ነው። በኋላ ሙቅ ውኃ በዓለቱ ስንጥቆችና ቀዳዳዎች ሲያልፍ መዳብ አስቀመጠ። በብዙ አገሮች መዳብ ከድኝና ከሌሎች ንጥረ ነገሮች ጋር ተዋህዶ ሲገኝ፣ እዚህ ግን ንጹሕ ብረት ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ የአገሩ ቀደምት ሕዝቦች ከሺህ ዓመታት በፊት መዳቡን በድንጋይ መዶሻ እየፈለጡ፣ ሳያቀልጡ በመቀጥቀጥ ቢላዋ፣ የጦር ጫፍና ጌጥ ይሠሩበት ነበር።

ታሪክ

የክፍላገሩ የሥነ ምድር ባለሙያ ዳግላስ ሆተን ስለ መዳቡ ያዘጋጀው ዘገባ በ1841 ወጣ። በሚቀጥለው ዓመት የኦጂብዌ ሕዝብ በላ ፖይንት ውል መሬቱን ለአሜሪካ መንግሥት ለቀቀ፤ ሆኖም በዚያ የማደንና ዓሣ የማስገር መብቱን አላጣም። ወዲያው መዳብ ፈላጊዎች ጎረፉ። በ1845 የተከፈተው የክሊፍ ማዕድን ትርፋማነቱን ሲያሳይ ኩባንያዎች በዙ። ከኮርንዎል፣ ከፊንላንድ፣ ከጣልያን፣ ከክሮኤሽያና ከሌሎች አገሮች ሠራተኞች መጡ።

በሐምሌ 1913 ሠራተኞቹ የ8 ሰዓት የሥራ ቀንና የተሻለ ደመወዝ ጠይቀው አድማ መቱ። በአንድ ሰው ብቻ የሚሠራውን አዲሱን መሰርሰሪያም ተቃወሙ፤ አደጋ ቢደርስ አጠገቡ የሚረዳ ሰው አይኖርምና። በታኅሣሥ 24 ቀን ለአድመኞቹ ልጆች በካሉሜት ከተማ፣ ጣልያን አዳራሽ በተባለ ሕንጻ የገና ግብዣ ተደረገ። አንድ ሰው «እሳት!» ብሎ ጮኸ። እሳት ግን አልነበረም። ሕዝቡ ወደ ደረጃው ሲጋፋ 73 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ሕፃናት ነበሩ። የጮኸው ሰው ማንነት ፈጽሞ አልተረጋገጠም። አድማው በሚያዝያ 1914 ሠራተኞቹ የጠየቁትን የማኅበር ዕውቅና ሳያገኙ አበቃ።

ጉዞና ጉብኝት

ከታችኛው ሚሺጋን የሚመጡ ተጓዦች በመጀመሪያ በ1957 የተከፈተውንና 8 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለውን የማኪኖው ድልድይ ይሻገራሉ። ኃይለኛ ነፋስ ሲነሳ ቁመታቸው ረጅም የሆነ ተሽከርካሪዎችና ተጎታቾች በአጃቢ እንዲያልፉ ወይም እንዲቆሙ ይደረጋል። በልሳነ ምድሩ መካከል የሚያልፈው የመርከብ መንገድ ሰሜኑን ክፍል እንደ ደሴት ስለሚለየው፣ በመኪና የሚሻገሩት በሆተንና በሃንኮክ ከተሞች መካከል ባለው ድልድይ ብቻ ነው። የዚህ ድልድይ መካከለኛ ክፍል መርከብ ሲመጣ ወደ ላይ ይነሳል።

ከሃንኮክ በላይ ባለው ኮረብታ የኲንሲ ማዕድን ይገኛል። ከ1846 እስከ 1945 የሠራው ይህ ማዕድን፣ በተዳፋቱ ሲለካ ከ2,800 ሜትር በላይ ይጠልቃል። በ1920 የተተከለው ግዙፍ የእንፋሎት መጎተቻ ሞተር ዛሬም በቦታው አለ። ጎብኚዎች 7ኛውን ደረጃ ያያሉ፤ ከዚያ በታች ያለው በውኃ ተሞልቷል። በውስጡ ያለው አየር ዓመቱን ሙሉ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ስለሆነ በሙቀት ወራትም ቢሆን ጃኬት ያስፈልጋል።

በካሉሜት በ1900 የተከፈተው ቴአትር ቤት የዚያን ዘመን ሀብት ያሳያል። ጣልያን አዳራሽ ግን በ1984 ፈርሷል፤ የበሩ ቅስት ብቻ ለመታሰቢያ ቆሟል። ካሉሜትና ኲንሲ በ1992 የተቋቋመው የኪዊናው ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ክፍሎች ናቸው።

አውራ ጎዳና 41 በሰሜን ጫፍ ከኮፐር ሃርበር አልፎ ያበቃል፤ ሌላው ጫፉ በፍሎሪዳ ማያሚ ነው። በአቅራቢያው በ1844 የተሠራው የፎርት ዊልኪንስ ምሽግ ለቤት መኪናዎች ኤሌክትሪክ ያለው ማደሪያ አለው። ወደ ብሮክዌይ ተራራ የሚወጣው መንገድ ጠባብና ጠመዝማዛ ስለሆነ፣ ትልቅ ተሽከርካሪ ወይም ተጎታች ያለው ሰው እሱን በማደሪያው ትቶ በትንሽ መኪና መውጣቱ ይሻላል። በረዶው እጅግ ከባድ ነው፤ በ1978–79 ክረምት ብቻ ወደ 10 ሜትር የሚጠጋ በረዶ ወርዷል። ስለዚህ አብዛኞቹ ማደሪያዎች የሚሠሩት በሙቀት ወራት ነው።

የማዕድኑ ቅሪት

ጎብኚው በሐይቁ ዳር የሚያየው ጥቁር አሸዋ ሁሉ የተፈጥሮ አይደለም። መዳቡን ለመለየት ዓለቱ በወፍጮ ይወቀጥ ነበር፤ ድቃቁም በሐይቆች ውስጥ ተጣለ። ይህ አሸዋ የመዳብ ቅሪት ስላለበት በውኃ ውስጥ ያሉ ፍጥረታትን ይጎዳል። በጌይ መንደር አጠገብ የተጣለው ክምር በማዕበል እየተገፋ ዓሦች እንቁላል ወደሚጥሉበት ቡፋሎ ሪፍ ደርሷል። በዚያ ለሚያሰግሩት የኦጂብዌ ተወላጆች ጉዳዩ የኑሮና በውል የተጠበቀ መብት ጉዳይ ነው። ማዕድኑ ከተዘጋ ከብዙ አሥርተ ዓመታት በኋላም አሸዋውን የማንሳት ሥራ ቀጥሏል።