ተጨማሪ መረጃ፦ የተበሳው ካርድ

ናዚዎችና ተባባሪዎቻቸው ወደ 6 ሚሊዮን የሚጠጉ አይሁዶችን ስለጨፈጨፉበት ሆሎኮስት ስታነቡ ቀድመው የሚታወሷችሁ ባቡሮቹና የጋዝ ክፍሎቹ ናቸው። ከእነሱ በፊት ግን ጸጥ ያለ የቢሮ ሥራ ነበር።

የተበሳ ካርድ የምንለው መረጃ በቀዳዳ የሚመዘገብበትን ጠንካራ ወረቀት ነው። የቀዳዳው ቦታ ዕድሜን፣ ሥራን ወይም ሃይማኖትን ያመለክታል፤ ማሽኑም ካርዶቹን በኤሌክትሪክ እያነበበ ይቆጥራል፣ ይለያል። ኸርማን ሆለሪት ለ1890 የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ያቀረበው ይህ ፈጠራ፣ በ1933 የአሜሪካው ኩባንያ የአይቢኤም የጀርመን ቅርንጫፍ በነበረው በዴሆማግ አማካይነት የፕሩሲያን ሕዝብ ለመቁጠር ዋለ። በ1939 ቆጠራ ደግሞ ሰዎች ከአያቶቻቸው መካከል አይሁዳዊ መኖር አለመኖሩን እንዲገልጹ ተጠየቁ። (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማሽን የግድ አልነበረም፤ በጥንቃቄ የተያዘ መዝገብም ይበቃል። በጀርመን በተያዘችው አምስተርዳም ማዘጋጃ ቤቱ በ1941 ባዘጋጀው ካርታ ላይ አንዲት ነጥብ 10 አይሁዶችን ትወክል ነበር። አሥር ሰው፣ ስምና ቤተሰብ ያለው፣ በአንዲት ጥቁር ነጥብ! ማርች 27 ቀን 1943 አርበኞች፣ ናዚዎች እንዳይጠቀሙበት ብለው፣ የከተማዋን የነዋሪዎች መዝገብ ቤት አቃጠሉ። የእሳት አደጋ ሠራተኞችም ሆን ብለው ካርዶቹን በውሃ አራሷቸው። ያም ሆኖ የጠፋው ከፊሉ ብቻ ነበር፤ ከአርበኞቹ 12ቱ ተረሸኑ።

ሞክሩ፦ ትምህርት ቤት ስትመዘገቡ የሞላችሁትን ቅጽ አስታውሱ። ከጥያቄዎቹ የትኞቹ ለትምህርታችሁ ያስፈልጋሉ? የትኞቹስ አያስፈልጉም? በደብተራችሁ ለይታችሁ ጻፉ።