ፊታቸውን ጦርነት የወሰደባቸው ሰዎችና ሐኪማቸው

እጁን በጦር ሜዳ ጥሎ የተመለሰ ወታደር በመንደሩ ይከበራል። ፊቱን ጥሎ የተመለሰስ? የገዛ ልጁ እንኳ ሲያየው ይሸሻል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ይህ ዕጣ የደረሰባቸው በሺሕ የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ምሽግ አካልን ሲጋርድ ራስን ገልጦ ይተዋልና። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው የእነዚህን ሰዎች ፊት መልሶ ለመሥራት የደከመውን የሐኪሙን የሐሮልድ ጊሊስን ታሪክ ነው። ዓመታቱን የምንጠቅሰው በአውሮጳ አቆጣጠር ነው።

ጊሊስ በ1882 በኒውዚላንድ ተወለደ። በ1916 በእንግሊዝ አገር በኦልደርሾት የጦር ሆስፒታል የፊት ቁስለኞችን ማከም ጀመረ። በዚያው ዓመት በሐምሌ የሶም ውጊያ ሲነሣ 200 አልጋ ቢዘጋጅ 2000 ያህል ቁስለኛ መጣ። ስለዚህ በ1917 በለንደን አጠገብ በሲድከፕ የተለየ ሆስፒታል ተከፈተ። በሕሙማኑ ክፍሎች መስተዋት ክልክል ነበር። በመንገዱም ዳር ሰማያዊ ቀለም የተቀቡ አግዳሚ ወንበሮች ቆመውላቸው ነበር፤ ይኸውም አላፊ አግዳሚው በድንገት አይቶ እንዳይደነግጥ ነው።

የቁስልን አፍ ስቦ በችኮላ መስፋት ጠባሳው ሲኮማተር አፍንና ዓይንን ያጣምማል። ጊሊስ ግን አስቀድሞ የተረፈውን ሥጋ ወደ ቦታው ይመልሳል፤ ከዚያም የጎደለውን ለክቶ በዓይነቱ ይተካል።

ትልቁ ችግር ቆዳ ያለ ደም አለመኖሩ ነው። ከደረት ተገልጦ ወደ ፊት የሚዞረው ቆዳ ጫፉ ሳይቆረጥ ከነበረበት ደም ይቀበላል፤ ነገር ግን ውስጡ ተገልጦ ስለሚቆይ ይመግላል። በጥቅምት 1917 ጊሊስ በጀትላንድ የባሕር ውጊያ ፊቱ የተቃጠለ መርከበኛ ሲያክም፣ የቆዳው ጠርዝ በራሱ ሲጠቀለል ተመለከተ። ጠርዙን ከጠርዝ ሰፍቶ ቱቦ አደረገው። ቆዳው በአዲሱ ቦታ ሥር ሲሰድ፣ ከሳምንታት በኋላ፣ ቱቦው ይቆረጣል። የሩሲያው ሐኪም ፊላቶቭም በዚያው ዘመን ለብቻው ይህንኑ ዘዴ ደርሶበታል።

ሁሉም አልተሳካም። ፊቱን በሙሉ በአንድ ጊዜ የሸፈኑለት አንድ የተቃጠለ አብራሪ በ1918 ሞተ። ከዚያ ወዲህ ጊሊስ ሥራውን በየደረጃው ከፍሎ መሥራትንና መታገሥን መመሪያው አደረገ። በሲድከፕ ከ5000 ለሚበልጡ ሰዎች ከ11000 የሚበልጥ ቀዶ ሕክምና ተደረገ።

ዛሬ ሐኪሞች ቀጫጭን የደም ሥሮችን በማይክሮስኮፕ እያዩ ስለሚሰፉ ቱቦው ብዙም አያስፈልግም። ትምህርቱ ግን አልተሻረም። በመኪና አደጋ ወይም በእንስሳ ንክሻ ፊቱ የተቀደደ ሰው ቢያጋጥመን፣ ደሙን በንጹሕ ጨርቅ ተጭነን ፈጥነን ወደ ሐኪም እናድርሰው፤ የተንጠለጠለውንም ሥጋ ቆርጠን አንጣል። ለእኛ የማይረባ የሚመስለው ቁራጭ ለሐኪሙ የሰውዬው ፊት ነው።