መኪና በሲንጋፖር

ሲንጋፖር በደቡብ ምሥራቅ እስያ የምትገኝ፣ ከተማም አገርም የሆነች ደሴት ናት። ስፋቷ 730 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን 6 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ይኖርባታል። ቦታው ጠባብ በመሆኑ፣ በዚያ አገር መኪና ለመያዝ የመኪናውን ዋጋ መክፈል ብቻ አይበቃም፤ የባለቤትነት ፈቃድም በጨረታ መገኘት አለበት። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

አጀማመር

ደሴቲቱ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር ሳለች፣ በ1896 የመጀመሪያው አውቶሞቢል ገባ፤ ሥሪቱም ቤንዝ ነበር። የፎርድ ኩባንያ በ1926 በሲንጋፖር ሥራ ጀመረ፤ በ1941 ደግሞ በቡኪት ቲማ የመኪና መገጣጠሚያ ፋብሪካ ከፈተ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዙ ጄኔራል ፐርሲቫል ለጃፓኑ ጄኔራል ያማሺታ እጁን የሰጠው በዚሁ ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ ቀኑም ፌብሩዋሪ 15፣ 1942 ነበር። ሕንፃው ዛሬ ሙዚየም ሆኗል።

ኢንዱስትሪው

አገሪቱ በ1965 ነፃ ከወጣች በኋላ የመኪና መገጣጠም ሥራ ለተወሰነ ጊዜ ቀጥሎ ነበር። ሆኖም የአገር ውስጡ ገበያ አነስተኛ ነው፤ የፎርድ ፋብሪካም በ1980 ተዘጋ። የዳይሰን ኩባንያ በ2018 የኤሌክትሪክ መኪና በሲንጋፖር ለመሥራት ቢያቅድም በዓመቱ ዕቅዱን ሰረዘ። በ2023 ግን የኮሪያው ሂዩንዳይ የኤሌክትሪክ መኪና የሚገጣጥም ማዕከል በጁሮንግ አስመረቀ።

የቁጥጥር ሥርዓት

ከ1975 ጀምሮ በጠዋቱ የመጨናነቅ ሰዓት ወደ መሀል ከተማ የሚገባ የግል መኪና በቀን 3 የሲንጋፖር ዶላር ይከፍል ነበር። በ1998 ክፍያው በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ መሰብሰብ ጀመረ።

በ1990 የፈቃድ ጨረታ ተጀመረ። መንግሥት የሚሰጠውን የፈቃድ ብዛት ይወስናል፤ ገዢዎች ይጫረታሉ። ፈቃዱ የሚያገለግለው ለ10 ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ባለቤቱ እንደገና ከፍሎ ያሳድሰዋል፤ አለዚያ መኪናው ከመዝገብ ይሰረዛል። በ2018 የግል መኪኖች ዓመታዊ ዕድገት ወደ 0 በመቶ ስለወረደ፣ አዲስ ፈቃድ በዋናነት የሚገኘው ከተሰረዙ መኪኖች ነው። በ2023 የትንሽ መኪና ፈቃድ ብቻውን ከ100,000 የሲንጋፖር ዶላር በላይ ደርሷል። የመኪናው ዋጋና ቀረጡ ለብቻ ይከፈላሉ።

ክርክሩ

ደጋፊዎች እንደሚሉት፣ መንገድ ከአገሪቱ መሬት 12 በመቶ ያህሉን ስለያዘ መኪና ያለገደብ ቢፈቀድ ለመኖሪያ ቤት የሚሆን ቦታ ይጠፋል፤ በ1987 ሥራ የጀመረው የከተማ ባቡርም አማራጭ ይሰጣል። ተቺዎች በበኩላቸው ጨረታው የሚለየው አቅምን እንጂ ችግርን አይደለም ይላሉ፤ ሕፃናት ወይም አረጋውያን ያሉበት ቤተሰብ ከባለሀብት ጋር እኩል ይጫረታልና።