የምላጭ ጥልቀትና የጫፍ ርቀት፦ የስቲከር መቁረጫ ማሽንን ለግዕዝ ፊደል ማስተካከል



ከፋሲሎ እስከ ጣና ዳርቻ በሚወስደው መንገድ ላይ የሱቁ መስታወት፣ የባጃጁ ጀርባ፣ የመድኃኒት ቤቱ በር በተቆረጠ ስቲከር ተጽፎበታል። ቀድሞ በብሩሽ ይሠራ የነበረውን የማስታወቂያ ጽሕፈት ዛሬ በአብዛኛው የሚሠራው በከተማችን «ፕሎተር» ወይም «ካተር» የሚባለው ማሽን ነው። የጽሕፈቱን ጥራት የሚወስኑት በዋናነት ሁለት ልኮች ናቸው። አንደኛው ምላጩ ከመያዣው የሚወጣበት መጠን፣ ማለትም ጥልቀቱ ነው። ሁለተኛው የምላጩ ጫፍ ከመዞሪያው ማዕከል የሚርቅበት መጠን ሲሆን፣ ባለሙያዎች «ኦፍሴት» ይሉታል።

በጥልቀቱ እንጀምር። ስቲከር ሦስት ድርብርብ አለው፦ ቀለም ያለው ፊልም፣ ሙጫና የጀርባ ወረቀት። ምላጩ ሁለቱን ፈጽሞ ቆርጦ ሦስተኛውን መጫር ብቻ አለበት። በክብራን ገብርኤልና በሌሎች የጣና ገዳማት የሚገኙትን የብራና መጻሕፍት የተመለከተ ሰው ይህን ጥበብ ያውቀዋል፤ ጸሐፊው መስመር ሲያሰምር ብራናው ላይ ጎድጎድ ያለ ምልክት ይተዋል እንጂ ብራናውን አይቀድም።

ስሌቱ ቀላል ነው፤ የፊልሙን ውፍረት ከጀርባ ወረቀቱ ውፍረት ግማሽ ጋር መደመር ነው። ለምሳሌ ፊልሙ ከነሙጫው 0.08 ሚሊሜትር፣ ወረቀቱ 0.14 ሚሊሜትር ቢሆን፣ ምላጩ 0.15 ሚሊሜትር ያህል ይወጣል። ይህ በዓይን የማይለካ ስለሆነ መያዣውን በእጅ ይዞ በቁራጭ ስቲከር ላይ መስመር መሳብ ይበጃል። የወረቀቱ ጀርባ በጣት ሲዳሰስ መስመሩ ጎልቶ ከተሰማ ምላጩ በዝቶ ወጥቷል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች እንዳይምታቱ እንጠንቀቅ። የምላጩ መውጣት የጥልቀቱ ወሰን ነው፤ በማሽኑ ላይ በግራም የሚሞላው ግፊት ደግሞ ወደዚያ ወሰን የሚያደርስ ኃይል ነው። ስቲከሩ አልላቀቅ ሲል ምላጩን ይበልጥ ማስወጣት የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ወረቀቱ ይበሳል፣ ጫፉ ይሰበራል፣ ፊደሉም ወደ መስታወቱ ሲተላለፍ ወረቀቱ አብሮ ይነሣል። መጀመሪያ ምላጩ መደነዙን ማየት፣ ቀጥሎ ግፊቱን በጥቂት በጥቂቱ ማሳደግ ይገባል።

አሁን ወደ ኦፍሴቱ እንለፍ። ምላጩ በመያዣው ውስጥ በነፃ ይዞራል። ጫፉ ግን ከመዞሪያው ማዕከል ጥቂት ወደ ኋላ ስለሚቀር፣ እንደ ቢሮ ወንበር ጎማ፣ ማሽኑ ወደሚሄድበት አቅጣጫ እየተጎተተ ይከተላል። ለተለመደው 45 ዲግሪ ምላጭ ይህ ርቀት አብዛኛውን ጊዜ 0.25 ሚሊሜትር ነው። ልኩ ከምላጩ ጋር የተሠራ ስለሆነ እኛ አንለውጠውም፤ ለማሽኑ በትክክል እንነግረዋለን እንጂ። ማሽኑም ማእዘን ላይ ሲደርስ ማዕከሉን በዚያው ርቀት አሳልፎ፣ ጫፉን በቦታው አቁሞ ያዞርና ጉዞውን ይቀጥላል።

የተሞላው ቁጥር ከእውነተኛው ካነሰ ጫፉ ማእዘኑ ላይ ሳይደርስ ይታጠፋል፤ ማእዘኑም ይደነዝዛል፣ የቅርጹ መነሻና መድረሻም አይገናኙም። ከበዛ ጫፉ ማእዘኑን አልፎ ስለሚሄድ ጥግ ጥጉ ላይ ትንንሽ ጆሮዎች ይበቅላሉ። ሆኖም ምላጩ ወረቀቱ ውስጥ ጠልቆ ከተቀረቀረ በነፃ አይዞርም፤ ትክክለኛ ኦፍሴትም የተበላሸ ማእዘን ያወጣል። ስለዚህ ጥልቀቱ ሳይስተካከል ኦፍሴቱን መነካካት ከንቱ ድካም ነው።

ይህ ለእኛ ፊደል ልዩ ትርጉም አለው። የግዕዝ ፊደል ድምፁን የሚለውጠው በጥቃቅን ቅጥያዎች ነው። «ቡና ቤት» የሚለውን ጽሑፍ እንመልከት። የ«ቡ» ቅጥያ ማእዘኑ ሳይቆረጥ ቀርቶ ትርፉ ሲነሣ አብሮ ከተነቀለ «በና» ይሆናል። የ«ቤ» ቀለበት ውስጡ ሳይወጣ ከቀረ ደግሞ ከ«ቢ» ጋር ይምታታል። በቡና ቤት በር ላይ ይህ ያስቃል፤ በመድኃኒት ቤት ወይም በማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ላይ ግን ሰውን ያሳስታል።

በማሽኑ ላይ ያለው መሞከሪያ ባብዛኛው አራት ማእዘንና ክብ ነው። ማእዘኑን በሚገባ ይፈትናል፤ የፊደላችንን ጥቃቅን ቀለበት ግን አያውቀውም። ስለዚህ ሦስት እርምጃዎችን እንድትከተሉ እመክራለሁ፦

1. ጥልቀቱን በቁራጭ ስቲከር ላይ አስተካክሉ።
2. በምላጩ አምራች የተገለጸውን ኦፍሴት ሞልታችሁ አራት ማእዘኑን ቁረጡ።
3. «ቡ»ን እና «ቤ»ን ሥራው በሚፈልገው መጠን ቆርጣችሁ ትርፉን አንሡ።

የቀለበቱ ሬዲየስ ወደ ኦፍሴቱ በተጠጋ ቁጥር ምላጩ ፊልሙን ከመቁረጥ ይልቅ ማጣመም ይጀምራል። ያን ጊዜ ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም፤ ፊደሉን ማተለቅ ወይም ቀለበቱን ማስፋት የነዳፊው ድርሻ ነው።

ባሕር ዳር በ1955 ዓ.ም. ፖሊ ቴክኒኳን ካገኘች ጀምሮ እጅና ስሌት አብረው ሲማሩባት ኖረዋል። በአንድ ሚሊሜትር ሩብ ላይ የሚደረግ ጥንቃቄም የዚያው ትምህርት ክፍል ነው፤ ፊደላችንን በትክክል የሚያስነብበው እርሱ ነውና።