ጫፉ ክብ ስለ ሆነው የላቲን ፊደልና በንግድ ሥራ ስላለው አገልግሎት

የነጋዴ ስም ከዕቃው ቀድሞ ለገዢው ዓይን የሚደርሰው በፊደል አማካይነት ነው። ታቤላው፣ ካርቶኑና ኢንቮይሱ በአንድ ዓይነት ፊደል የተጻፉ እንደ ሆነ ደንበኛው ቤቱን ከሩቅ ይለየዋል።

ሳንስ ሰሪፍ የሚባለው የላቲን ፊደል በጭረቱ ጫፍ ላይ ትንንሽ እግር የሌለው ነው። ከዚሁ ወገን ጂኦሜትሪክ የተባለው ቅርጹን ከክብና ከቀጥታ መስመር ይወስዳል። ዝነኛውም ፉቱራ ሲሆን፣ ጀርመናዊው ፓውል ሬነር ነድፎት በፍራንክፈርት የነበረው የባወር ፊደል ማምረቻ በ1927 እ.ኤ.አ. ለገበያ አውጥቶታል። ሲያዩት በኮምፓስና በማስመሪያ ብቻ የተሠራ ይመስላል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ዓይን ይታለላልና ክቡ ፊደል ከጎረቤቶቹ እንዳያንስ ከመስመሩ ከላይም ከታችም በጥቂቱ እንዲያልፍ ይደረጋል። ክቡ ከቀጥታው ጭረት ጋራ በሚጋጠምበትም ስፍራ ጥቁረት እንዳይበዛ ጭረቱ ይቀጥናል።

የዚህ ፊደል ጭረት ጫፉ በግማሽ ክብ ሲያልቅ ጠባዩ ይለወጣል፤ ይለሰልሳል። በዚህ ረገድ የታወቀው ቫግ ራውንድድ ሲሆን፣ በ1979 እ.ኤ.አ. ለጀርመኑ የቮልስዋገን መኪና ፋብሪካ የተዘጋጀ ነው። በኋላም የአፕል ኩባንያ በብዙ ኮምፒውተሮቹ የቍልፍ ሰሌዳ ላይ ለዓመታት ተጠቅሞበታል። ክብ ጫፍ ለታቤላ ሠሪም ይመቻል፤ ሹል ማዕዘን የእጅን ስሕተት ወዲያው ሲያጋልጥ ክቡ ይሸፍናልና። የኒዮን ቱቦም ሆነ በሚሽከረከር መሣሪያ በብረት ላይ የሚቀረጽ ጽሑፍ በጠባዩ ወደ ክብ ጫፍ ያደላል።

ይሁን እንጂ ለሁሉ አይሆንም። በትንሹ ሲታተም ክብነቱ ስለማይታይ ድካሙ ከንቱ ነው። ለሕፃናት ዕቃና ለጣፋጭ ያማረው ፊደል በባንክ ደብዳቤ ላይ ቢወጣ ጨዋታ ይመስላል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሠጋው ቍጥር ላይ ነው። በብዙዎቹ ጂኦሜትሪክ ፊደላት ትልቁ «አይ» እና ትንሹ «ኤል» አንድ ዓይነት ቀጥ ያለ ጭረት ናቸው፤ አንዳንዴም አኃዙ 1 ይመስላቸዋል። ዜሮና «ኦ»ም እንደዚሁ ይቀራረባሉ። በባንክ ሒሳብ ቍጥር ወይም በኮንቴይነር ምልክት ላይ አንዲቱ ፊደል በሌላዪቱ ተተክታ ብትነበብ ክፍያው ይዘገያል፤ ዕቃውም ከወደቡ አይነሣም። ስለዚህ አስመጪውና ላኪው ስማቸውን በዚህ ፊደል ቢያጽፉም፣ ቍጥሮቹን እነዚህን በግልጽ በሚለይ ፊደል ማሳተም ይገባቸዋል።

በአማርኛም የሚጻፍ ታቤላ ሌላ ጥንቃቄ ያሻዋል። ብዙዎቹ የላቲን ፊደላት የግዕዝ ፊደል አብሮ የላቸውም፤ ኮምፒውተሩም በፈንታው ሌላ ዓይነት ያገባና አንዱ ወፍሮ ሌላው ቀጥኖ ይወጣል። ብልኅ ነጋዴ አንድ ሺሕ ካርቶን ከማዘዙ በፊት የሁለቱን ጽሑፎች ውፍረትና ቁመት በአንድ ናሙና ላይ አሳትሞ፣ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ይመለከታል። ፊደሉም እንደ ማናቸውም ሥራ ባለቤት አለውና የመጠቀሚያ ፈቃዱ ለማሸጊያና ለንግድ ምልክት የሚያገለግል መሆኑን ማተሚያ ቤቱን በጽሑፍ ይጠይቃል።